ግልጽ ደብዳቤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት፦ ሁለቱን ጥያቄዎች አታደባልቁ

ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች የዲሲፕሊን ኮሚቴዎች፣
ደንባቸውን ለሚያወጡ ኃላፊዎችም ጭምር

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

አንድ ተማሪ የክፍል ጓደኛውን ደብድቦ ወይም አንድ ሠራተኛ ከካዝና ገንዘብ አጉድሎ ፋይሉ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ያደረገው ራሱ ነው፤ ይቀጣ» ይላል። ሌላው «እንደዚያ ባለ ቤት አድጎ፣ ከእነዚያ ልጆች ጋር ውሎ፣ ከእሱ ምን ይጠበቃል?» ይላል። ክርክሩ ይጋጋልና በመጨረሻ መሐል ላይ ያለ ቅጣት ይመረጣል። ሁለት ሳምንት ሊታገድ የነበረው አንድ ሳምንት ይታገዳል፤ ሊባረር የነበረው በማስጠንቀቂያና በደመወዝ ቅጣት ያልፋል። ሁሉም የተስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንዱም ወገን ጥያቄ አልተመለሰም። ተማሪው በትክክል ምን አጠፋ፣ ለተበዳዩስ ምን ይመልሳል? አልተጻፈም። ድብደባው ለምን በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ተነሣ? ይህም አልተጻፈም።

የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የግለሰቡን ኃላፊነትና የጥፋቱን መንስኤ በአንድ ሚዛን ሁለት ጎን ማስቀመጥ ይቅር። አንዱ ሲከብድ ሌላው የሚቀልል እየመሰለን ነው ውሳኔዎቻችን የሚበላሹት። የልጁ አስተዳደግ ክፉ መሆኑ በተመታው ልጅ ላይ የደረሰውን ጉዳት በአንዲት ጠብታ አይቀንስም። የልጁ ጥፋት ፀሐይ የሞቀው መሆኑም፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ኮሪደር ለወራት ያለ ተቆጣጣሪ መተዉን አያጸዳም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሙሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ጥያቄዎች ናቸውና ሁለት መልስ፣ ሁለት ባለዕዳ፣ ሁለት የጊዜ ገደብ ይፈልጋሉ።

በመጀመሪያ «አመሉ ነው» ለሚሉት የኮሚቴ አባላት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመውን ሙከራ ብዙዎች በአንድ ቁጥር ያውቁታል። ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ፣ ተመራማሪው «ቀጥሉ» ስላላቸው፣ በሌላ ክፍል ለተቀመጠ ሰው እስከ 450 ቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጡ እየመሰላቸው ማብሪያውን እስከ መጨረሻው ተጭነዋል። ንዝረቱ የውሸት ነበር፤ ተቀባዩም ተዋናይ። ለእናንተ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ ሙከራው መልኩን እየለወጠ ሲደገም የታየው ነው። ተመራማሪው ከክፍሉ ወጥቶ ትእዛዙን በስልክ ሲሰጥ እስከ መጨረሻው የሄዱት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረዱ። ከጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተነሥተው «እምቢ» ሲሉ ደግሞ ከ40 ሰው እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ሆኑ። የተሳታፊዎቹ ዓይነት ያው ነው፤ የተለወጠው የክፍሉ አደረጃጀት ነው። በሌላ በኩል፣ በመጀመሪያው ሙከራ ያው ትእዛዝ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰው የተሰጣቸው 14 ሰዎች እምቢ ብለው ማቆማቸውን አንርሳ። ሁኔታው ብዙ ሰው ገፋ፤ ሁሉን ሰው ግን አልጣለም።

ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ለዕለት ኑሮ የቀረበ ነው። የነገረ መለኮት ተማሪዎች ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሲሄዱ መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያቃስት ሰው ያገኛሉ። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱ፤ በጣም ዘግይታችኋል ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ተማሪዎች ከፊሎቹ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ንግግር ሊያደርጉ ነበር። እነሱን ያሳለፋቸው የክፋት አመል ሳይሆን ጥድፊያ ነው።

የኮሚቴ አባል ራሱ ከዚህ ነፃ አይደለም። ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳዩት፣ አንባቢዎች ጸሐፊው የጻፈውን አቋም ታዝዞ እንጂ መርጦ እንዳልያዘ በግልጽ ተነግሯቸው እንኳ «እውነተኛ እምነቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ገመቱ። ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 ስም ያወጣለት ይህ ዝንባሌ፣ ማለትም ሰውን ስናይ የቆመበትን ቦታ መርሳት፣ በፋይል ንባብም ላይ ይሠራል። «ጠበኛ ልጅ ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ አንዴ ከገባች የቀሩትን ገጾች ሁሉ በእሷ መነጽር ነው የምናነባቸው። ስለዚህ ከቃለ ጉባኤ ሰውን የሚገልጹ ቅጽሎች ይውጡ፤ ድርጊት፣ ቦታና ሰዓት ይግቡ።

አሁን ደግሞ «ኅብረተሰቡ ነው ያበላሸው» ለሚሉት። የማኅበረሰብ መንስኤ እውነተኛና የሚለካ ነገር ነው። እርሳስ የተባለው ብረት በልጅነት ደም ውስጥ ሲገባ ግልፍተኝነትን የሚገታውን የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ የታወቀ መጠን የለውም። የመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር ከዓለም ጨርሶ የቀረው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ያንን ጭስ እየተነፈሰ ያደገ ልጅ ጭሱን አልመረጠም። የፔሪ ቅድመ መደበኛ ጥናትንም እንውሰድ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ 123 በድህነት ውስጥ ያሉ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ጥራት ያለው የቅድመ መደበኛ ትምህርትና የቤት ለቤት ክትትል አገኙ። ዕድሜያቸው 40 ሲደርስ፣ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የታሰሩት ካገኙት መካከል 36 በመቶ፣ ካላገኙት መካከል 55 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለልጆች የሚወጣው ገንዘብ የትም እንደማይቀር ያሳያል።

ግን ያንኑ ሰንጠረዥ እንደገና አንብቡት። ድጋፉን ካላገኙት 45 በመቶዎቹ እዚያ አልደረሱም፤ ካገኙትም ከሦስት አንዱ በላይ ደርሷል። መንስኤ የብዙ ሰውን ቁጥር ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ስለ አንድ የተወሰነ ሰው ግን አይፈርድም። ስለ ልጅነት መከራና ስለ ኋላ ጤና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ትልቅ ጥናት ከወጣ ወዲህ፣ የልጅነት መከራን በነጥብ ቆጥሮ አንድን ሰው መፈረጅ ተለምዷል። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ የሆኑት ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. በ2020 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ይህን አጠቃቀም ተቃውመዋል፤ ነጥቡ ለሕዝብ ጤና እንጂ ለግለሰብ ምርመራ አልተሠራም። «ስድስት ነጥብ አለው፣ ስለዚህ አይፈረድበት» ማለትም፣ «ስድስት ነጥብ አለው፣ ስለዚህ በዓይነ ቁራኛ ይጠበቅ» ማለትም አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ችግር አድገው እጃቸውን በማንም ላይ ያላነሡ ሰዎችንም ያዋርዳል።

ታዲያ መንስኤ መቼ ነው ጥፋትን በእውነት የሚያቀልለው? መስመሩን በዚህ አሥምሩት፦ እያንዳንዱ ድርጊት መንስኤ አለው፤ መንስኤ መኖሩ ብቻ አያቀልልም። የሚያቀልለው፣ ያ መንስኤ የሰውየውን የመረዳት ወይም ራሱን የመግታት አቅም ሲሰብር፣ ወይም ሌላ እውነተኛ አማራጭ ሲያሳጣው ነው። ስለዚህ የምትመረምሩት አራት ነገር ነው። ዕድሜው ስንት ነው? ድርጊቱ ጥፋት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ካላወቀስ ማወቅ ነበረበት? ሕመም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም መድኃኒት አቅሙን ነክቶታል? ያስገደደው ሰው ነበር፤ ካለ እምቢ ቢል ምን ይደርስበት ነበር? ሐኪም የሚያስፈልገውን ለሐኪም ላኩ፤ ኮሚቴ በሽታ አይመረምርም።

ስለ ዕድሜ ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል፤ በተማሪዎች ፋይል ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚዛባው ይህ ነውና። ጥፋት በጉርምስና መጨረሻ ገደማ ከፍ ብሎ ከዚያ ይወርዳል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1037 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት በተከታተለው ጥናት የሠሩት ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስረዱት፣ ከልጅነት ጀምሮ በጥፋት የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በጉርምስና ገብተው በጉርምስና ይወጣሉ። የ15 ዓመት ልጅ ተረጋግቶ ብቻውን ሲያስብ ትክክሉን ከስሕተቱ ይለያል። እኩዮቹ ከበው እየጮኹ ደሙ ሲፈላ ግን መግቻው ገና አልጠነከረም፤ ይህን የሚሠራው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ይበስላል። ስለዚህ ለጎረምሳ የሚሰጥ ውሳኔ ጥፋቱን ሳያድበሰብስ የመውጫውን በር ክፍት ይተው። በ15 ዓመቱ ለሠራው ነገር እስከ ዕድሜ ልክ የሚከተለው ወረቀት ከጉርምስና የሚወጣበትን በር ይዘጋበታል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ዝርዝሩ አሰልቺ ቢመስልም ውሳኔዎች የሚበላሹት እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የተበዳዩ ነው። ሁለቱን ለዩ፤ የተጎዳው ይታከም፤ ምን እንደሚያስፈልገው እሱኑ ጠይቁት፤ ነገ ወደዚያው ክፍል ወይም ቢሮ ሲመለስ ማን አብሮት እንደሚሆን በዚያው ቀን ይወሰን። ከዚያ የእማኞች ቃል በየተራ፣ በተለያየ ክፍል፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ በጽሑፍ ይወሰድ። አጥፊው ገና እየተንቀጠቀጠ አታናግሩት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ውኃ ይጠጣ። ከማግስቱ እንዳያልፍ ግን ተጠንቀቁ፤ የሰው ወሬ ከራሱ ትዝታ ጋር ይደባለቅበታል።

«ለምን አደረግኸው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ ጥያቄ ሰበብ ያወልዳል፤ የተጠየቀው ሰው መልስ የለኝም ከማለት የሚመስል ነገር ፈልጎ ይሰጣችኋል። ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ እ.ኤ.አ. በ1957 አጥፊዎች ራሳቸውን የሚያነጹባቸውን አምስት መንገዶች ለይተው ጽፈዋል፦ «እኔ አይደለሁም፣ ሁኔታው ነው»፤ «ማንም አልተጎዳም»፤ «የሚገባው ነበር»፤ «ፈራጆቹ ራሳቸው ከእኔ አይሻሉም»፤ «ለጓደኞቼ ብዬ ነው»። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው «ኅብረተሰቡ ነው» ከሚለው የኮሚቴ አባል ንግግር ጋር አንድ ነው። አባሉ በርኅራኄ ተነሥቶ አጥፊው ፊት ሲናገረው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን ሰበብ አስተካክሎ እየሰጠው ነው። ርኅራኄያችሁን ወደ ኋላ በምንገልጸው የተቋሙ ገጽ ላይ በሥራ አሳዩት፤ እሱን በመከላከል አይሁን።

በ«ለምን» ፈንታ ከድርጊቱ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። «ከዚያ በፊት የት ነበርክ? ከዚያስ በፊት? ማን ምን አለ? ያኔ ምን አሰብህ?» ወረቀት ላይ መስመር አሥምሩና እያንዳንዱን መልስ በየቦታው ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ ይወጣል፦ ማታ አልተኛም፤ ጠዋት በስልክ የቡድን መልእክት ላይ ተሰደበ፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ለጎኑ ልጅ «ዛሬ አሳየዋለሁ» አለው፤ በእረፍት በሌላው በር መውጣት ሲችል ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ፤ ልጆች ከበቡ፤ ገፋው፤ መታው። ከመስመሩ ላይ ያለ ብዙ ጭንቅ ሌላ ነገር ማድረግ ይችል የነበረበትን የመጨረሻ ነጥብ አብራችሁ ክበቡት። «ደሜ ፈላ፣ ራሴን አላወቅሁም» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነቱ ግን የመጨረሻውን ሰኮንድ ብቻ ነው የሚመለከተው። «ዛሬ አሳየዋለሁ» ያለ ጊዜ ደሙ አልፈላም ነበር፤ በኮሪደሩ ሲሄድም እግሩን ያዘዘው ራሱ ነው። ኃላፊነቱ የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነው። ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። አርስጣጣሊስ እንደሚያነሣው በሰካራም ላይ ቅጣት የሚታጠፍበት ሕግ ነበረ፤ ምክንያቱም ሲያጠፋ ራሱን ባያውቅም አለመስከር በእጁ ነበር። እኛ እጥፉን ቅጣት አንመክርም፤ የምርጫውን ጊዜ ፍለጋ ወደ ኋላ መሄዱን ግን እንመክራለን።

ይኸው መስመር ለሁለተኛውም ጥያቄ ያገለግላል። እያንዳንዱን ነጥብ እያያችሁ «እዚህ ላይ ከእሱ ሌላ ማን ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የቡድን መልእክቱን ያየ አስተማሪ ነበር? በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተረኛው ማን ነው፤ የት ነበር? የከበቡት ልጆች ሽሽትና ጩኸት ብቻ ነው የሚያውቁት ወይስ ማንን እንደሚጠሩ ተነግሯቸዋል? የሚልግራምን ሙከራ አስታውሱ፤ ከጎን ሁለት ሰው «ተው» ሲል ብዙ ነገር ይቆማል።

በመሥሪያ ቤት ፋይል ላይ አንድ ተጨማሪ መፈተኛ አለ። ጄምስ ሪዝንን የመሳሰሉ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች በአቪየሽንና በሕክምና እንዲለመድ ያደረጉት ነው። በአጥፊው ቦታ ተመሳሳይ ሥልጠናና ልምድ ያለው ሌላ ሰው አስቀምጡ፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የሥራ ብዛት እሱም ያንኑ ሊያደርግ ይችል ነበር? ባልደረቦቹን ሦስት አራቱን ለየብቻ ጠይቁ። «እኛም እንዲሁ ነው የምንሠራው» ካሉ፣ ግለሰቡን ብታባርሩ የሚተካው ሰው በስድስት ወር ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ድርጊቱን በዓይነቱ ለዩ። ሳያስበው ያመለጠው ስሕተት ከሆነ አጽናኑትና አሠራሩን አስተካክሉ። አደጋው ትንሽ መስሎት የለመደው አቋራጭ ከሆነ አሠልጥኑት፤ አቋራጩን ማራኪ ያደረገውንም ነገር አንሡ። አደጋውን እያወቀ ችላ ካለ ወይም ሆን ብሎ ከጎዳ ቅጣቱ ይጽና። ካዝናውን ከሥራ ብዛት የተነሣ ማምሻውን ሳይቆጥር የዘጋ ሰውና ሐሰተኛ ደረሰኝ ያዘጋጀ ሰው በሒሳብ መዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ያሳያሉ፤ አንድ ውሳኔ ግን አይገባቸውም።

አሁን ወደ ሁለቱ ገጾች። የመጀመሪያው ገጽ የአጥፊው ነው፤ በራሱ እጅ ይጻፈው። አምስት ነገር ይኑረው፦ ያደረግሁት፤ የተጎዳውና የደረሰበት ጉዳት፤ ሌላ ማድረግ የምችልበት የነበረው ጊዜ፤ የምመልሰውና የምመልስበት ቀን፤ ያው ነገር ሲደገም የማደርገው። ከ«ጠብ ተነሣ» ይልቅ «መታሁት» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ወረቀቱን አትቀበሉት፤ አትቆጡትም፤ መልሳችሁ ስጡት ብቻ። የሚመልሰው ነገር ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ይሁን፦ የሰበረውን ያሠራ፣ ያጎደለውን ይክፈል፣ ያስቀረበትን ትምህርት ማስታወሻ ይገልብጥለት። ሁለት ሳምንት በቂ ነው፤ ከዚያ የረዘመው ይረሳል። በተሰበሰበ ሰው ፊት በግድ የሚወጣ ይቅርታ ግን ይቅር። ለአንዱ ውርደት፣ ለሌላው ጭንቀት ነው፤ ተበዳዩ ይቅርታውን ያለመቀበል መብት እንዳለውም ሊነገረው ይገባል።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ «ከእንግዲህ ጠባዬን አስተካክላለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ምንም አይይዝም። የፒተር ጎልዊትዘርና የባልደረቦቹ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ዕቅድ በደፈናው ከተገባ ቃል በጣም ይሻላል። «እገሌ ስልኬ ላይ ሲሰድበኝ ሳልመልስ ስልኩን ለክፍል ኃላፊው አሳያለሁ።» ምልክቱ የሚታይ፣ ድርጊቱ የሚቻል፣ ብዛቱም ከሁለት ያልበለጠ ይሁን።

ሁለተኛው ገጽ የተቋሙ ነው። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ተረኛው፣ ደንቡ ለሁሉም መነገሩ፣ ከዚህ በፊት የቀረበ አቤቱታ ካለ ማን እንዳስቀረው ይጻፋል። ከዚያ የሚለወጠው ነገር፣ የሚለውጠው ሰው የሥራ መደብና ቀኑ። «ይታሰብበታል» አይጻፍ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ የመጀመሪያው ገጽ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚከፈተው። አስቀድማችሁ ከከፈታችሁት ለአጥፊው መደራደሪያ ይሆናል፤ ጨርሶ ካልከፈታችሁት ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ግፍ ይሆናል። ሲያልቅ ለአጥፊውም ለተበዳዩም አሳዩዋቸው፤ ተቋሙም ዕዳውን እንደሚከፍል ይወቁ።

ቅጣት አይኑር አላልንም። ጣሊያናዊው የሕግ አሳቢ ቸዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 የጻፈው ዛሬም ይሠራል፤ ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ ቅጣቱ እንደማይቀርና እንደማይዘገይ ማወቁ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣ ከባድ ውሳኔ በሦስተኛው ቀን ከሚመጣ ቀላል ውሳኔ ያነሰ ያስተምራል። ማገድን በተለይ ደጋግማችሁ አስቡበት። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ሪፖርት፣ ያለ ማመዛዘን ማገድና ማባረር ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ እንዳደረገ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የታገደው ልጅ ትምህርት ያመልጠዋል፤ ሲመለስ አይገባውም፤ ያልገባው ይረብሻል። ክፍሉን የሚጠላ ከሆነ ደግሞ እገዳው ሽልማቱ ነው። የታገደባቸውን ቀናት የሚያሳልፈውም ከሌሎች ከታገዱት ጋር ነው፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ለተበዳዩ ደኅንነት መለየት የግድ ሲሆን ለዩ፤ ነገር ግን ለደኅንነት መሆኑን ጻፉ፣ የሚሠራውን ትምህርት ስጡት፣ የሚመለስበትን ቀንና በዚያ ቀን የሚቀበለውን ሰው ወስኑ።

ወላጅ ሲጠራም ልጁ ፊት አትገሥጹት። የተዋረደ ወላጅ ቤት ሲደርስ ልጁን ይደበድባል ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር ይጣላል፤ ሁለቱም የመጀመሪያውን ገጽ ያፈርሳሉ። ወላጁን ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ በዕቅዱ ላይ ከተጻፈው ውስጥ በቤት የሚረዳው የትኛውን ነው?

ክትትሉ በሳምንቱ፣ በወሩና በሦስተኛው ወር ይሁን፤ እያንዳንዱ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሁለቱም ገጾች ይታያሉ። ጥፋቱ ከተደገመ ወዲያው ቅጣቱን ከማጠፍ በፊት የቱ ላይ እንደተሰበረ ፈልጉ። ምልክቱ ተለውጦ ይሆናል፤ ስድቡ ከስልክ ወደ ሜዳ ተዛውሮ ይሆናል። ዕቅዱ ከአቅሙ በላይ ሆኖም ይሆናል። አልሞከረም ከሆነ ቅጣቱ ይክበድ። ኮሪደሩ አሁንም ያለ ተረኛ ከሆነ ግን ያ በኮሚቴው ስም ይመዝገብ፤ ዕዳውን ያልከፈለ ተቋም የሌላውን ዕዳ ሲያስከፍል ቃሉ አይሰማም።

ሰው ራሱን መግታት ይማራል ወይ ለሚል፣ በቺካጎ ለወጣት ወንዶች የሚሰጠው ቢካሚንግ ኤ ማን የተባለ ፕሮግራም ጥሩ ማስረጃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች በአንዱ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ኳስ በጡጫው ይይዛል፣ ሌላው በ30 ሰኮንድ እንዲያገኝ ይነገረዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል በጉልበት ይታገላሉ። ከዚያ አሠልጣኙ «ስጠኝ ብሎ የጠየቀ አለ?» ይላቸዋል። በዕጣ በተካሄዱ ጥናቶች፣ ፕሮግራሙ በሚሰጥበት ወቅት በኃይል ወንጀል መያዝ ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀንሷል። ወጣቶቹ እጃቸውን የሰበሰቡት ራሳቸው ናቸው፤ ክፍሉን፣ አሠልጣኙንና ሰዓቱን ያዘጋጀው ግን ሌላ ነው። ከዚህ የቱን ልትቀንሱ ትችላላችሁ?

ለደንብ አውጪዎች የምናቀርበው ጥያቄ እነሆ። የውሳኔ ቅጹ ለሁለት ገጽ ይከፈል። የሁሉም ፋይሎች ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ያለ ስም በአንድ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ በየወሩ መጨረሻም ይነበብ። አንድ ቦታ ወይም አንድ ሰዓት በወር ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ቦታው ራሱ እንደ ባለጉዳይ ይቅረብ፤ ተረኛ ይጨመርለት፣ መብራት ይግባለት፣ የእረፍት ሰዓቱ ይከፋፈል። የመጀመሪያው ገጽ በአጥፊው፣ ሁለተኛው በተቋሙ ኃላፊ ይፈረም። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ሆኖ ሳለም ቃለ ጉባኤው እንዳይጸድቅ አንድ አንቀጽ ይጨመር።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥነ ምግባር ማረምና በምክር አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች